ከምስጢር በፊት ሩኽሳ

(የመግቢያ ሙዚቃ ለጥቂት ሰከንድ ከፍ ብሎ ይሰማና ዝቅ ይላል)

በሻርጃ፣ በዱባይና በአጅማን ያላችሁ፣ ከሥራ ወጥታችሁ አውቶቡስ የምትጠብቁ፣ ማዳም እንዳትሰማ ማዳመጫውን በአንድ ጆሮ ብቻ ሰክታችሁ የምትከታተሉኝ፣ አገር ቤትም ሆናችሁ የዚህን አገር ኑሮ የምትሰሙ፣ ይህ ዝግጅት ለእናንተ ነው።

ሻርጃ ያለውን አል መጃዝን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አመሻሽ ላይ የኻሊድ ሐይቅ ዳር በሰው ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተው የአል ኑር መስጊድ መብራት ውሃው ላይ ይወርዳል፣ ልጆች በብስክሌት ይሯሯጣሉ፣ የዕረፍት ቀን ያገኙ የእኛ እህቶችም ሣሩ ላይ ነጠላቸውን አንጥፈው ከፔርሙስ ቡና ይቀዳሉ። እኔም አልፎ አልፎ እሄዳለሁ። በቅርቡ እዚያ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ልጅ ጠጋ አለችኝ። ዕድሜዋ ከሃያ አምስት አይበልጥም።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂኝ እናቴ።»

«ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ደረቴን ያፍነኛል። ቲክቶክ ላይ የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ የሚል አንድ አበሻ አለ፣ ጻፍኩለት። በዋትስአፕ ቪዲዮ እንነጋገራለን፣ ብቻሽን ስትሆኚ ደውዪልኝ፣ ገንዘቡን ግን አስቀድመሽ ላኪ አለኝ። ልላክለት?»

«ማን ነው ሰውዬው?»

«ስሙን ነው የማውቀው።»

«የት ተማረ? እዚህ አገር እንዲሠራ ማን ፈቀደለት?»

«እሱን አላውቅም። ግን ጥሩ ያወራል።»

ጥሩ ያወራል አለችኝ። ይህቺ ልጅ እዚህ አገር ለመግባት ስንት በር እንዳለፈች አስቡት። አገር ቤት ፓስፖርት አውጥታለች፣ የጤና ምርመራ አድርጋለች፣ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ወረቀት ይዛለች፣ አሻራ ሰጥታለች። እዚህ ስትደርስ እንደገና ደሟ ተመርምሯል፣ ሳንባዋ ራጅ ተነሥቷል፣ ለኤምሬትስ መታወቂያዋ የአሥሩም ጣቷ አሻራ ተወስዷል። ይህ ሁሉ የተጠየቀችው ሕፃን እንድታቅፍና ወለል እንድትወለውል ነው። የሆዷን ሁሉ ልትዘረግፍለት ያሰበችው ሰው ግን አንድም ነገር ሳይጠየቅ ነው ስልኳ ውስጥ የገባው።

የዛሬው ዝግጅታችን ስለዚህ ጥያቄ ነው። የአእምሮ ጤና አማካሪ ሆኖ የሚሠራ ሰው የወንጀል ታሪኩ ለምን ይጣራል? እንዴትስ ይጣራል? ማጣሪያው ምን ያያል፣ ምንስ ያመልጠዋል? እናንተስ በራችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ምን መጠየቅ ትችላላችሁ?

(አጭር ሙዚቃ)

ከለምኑ እንጀምር። የምክር አገልግሎት የሚሰጠው በር ተዘግቶ ነው። ሦስተኛ ሰው የለም። የጥርስ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ነርሷ ከጎን ትቆማለች፣ ስህተት ቢሠራም ጥርሳችሁ ይመሰክራል። አማካሪ ዘንድ ግን እናንተ ትናገራላችሁ፣ እሱ ይሰማል፣ ምስክር የለም። የሚሄደው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አቅሙ ባለቀበት፣ ያመነውን ሁሉ በሚሰጥበት ሰዓት ነው የሚሄደው። የተደፈረች፣ ደሞዟ የተከለከለባት፣ ባሏን በሞት ያጣች፣ ራሱን ሊያጠፋ ያሰበ። እንዲህ ያለውን ሰው መጉዳት የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም። ገንዘቡን መውሰድ ይችላል፣ ገላውን መጠየቅ ይችላል፣ የሰማውን ምስጢር ይዞ ማስፈራራት ይችላል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ መልሳችሁ አትውጡትም።

ይህ ጥንቃቄ ደግሞ ፈረንጅ ያመጣው አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። እኛ ሰውን ሳናጣራ የምናስገባ ሕዝብ አልነበርንም። ሽማግሌ ሲላክ የሙሽራው ዘር እስከ ሰባት ቤት ይጠየቅ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ገንዘብ ቤት የሚቀመጥ ሠራተኛ ያለ ተያዥ አይቀጠርም። ዋስ የሚሆነው ሰው ስሙን ጽፎ፣ ደሞዙን አስይዞ፣ «እኔ አውቀዋለሁ» ብሎ ይፈርማል። የነፍስ አባትም ቢሆን ማን እንዳስተማረው፣ ማን እንደቀባው፣ በየትኛው ደብር እንደሚያገለግል ይታወቃል።

ስደት ይህንን ነው የሚያፈርሰው። ሻርጃ ላይ ሰባት ቤት ማንን ትጠይቃላችሁ? ሰውዬው ከጎንደር ነኝ ቢል፣ ከወለጋ ነኝ ቢል፣ ቤሩት አሥር ዓመት ኖሬያለሁ ቢል፣ ማን ያውቅለታል? የወንጀል ማጣሪያ ወረቀት የገባው በዚህ ክፍተት ነው። የማንንም ልጅነት የማያውቅ አገር ተያዥ የሚያደርገው አሻራን ነው።

ወደ ኤምሬትስ እንምጣ። እዚህ ያላችሁ «ሁስን ሲራ» የሚባለውን ወረቀት ሰምታችኋል፣ የመልካም ጠባይ ማስረጃ ማለት ነው። ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 4 ቀን 2018 ጀምሮ አዲስ የሥራ ቪዛ የሚጠይቅ የውጭ አገር ሰው ሁሉ ይህንን ወረቀት ከአገሩ ወይም ያለፉትን አምስት ዓመታት ከኖረበት አገር እንዲያመጣ ታዘዘ። ብዙ ሰው ወረቀት ፍለጋ ተንገላታ። ትእዛዙ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ ከሚያዝያ 1 ቀን 2018 ጀምሮ እንዲቆም ተደረገ። ስለዚህ ዛሬ ለተራ የሥራ ቪዛ በጅምላ የሚጠየቅ ነገር አይደለም። ቀጣሪ ወይም ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ሲፈልገው ግን ይጠይቃል፤ እዚህ የኖረ ሰውም በኤምሬትስ መታወቂያው ከፖሊስ ያወጣዋል።

ለጤና ባለሙያ ግን ከዚህ የከበደ ሌላ ወረቀት አለ። ሁለቱ ስማቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ያምታታቸዋል፣ እኔም ስጀምር አምታትቻቸው ነበር። የመጀመሪያው የፖሊስ ወረቀት ነው፣ «ይህ ሰው በእኛ መዝገብ ላይ የወንጀል ፍርድ የለበትም» ይላል። ሁለተኛው የሙያ መልካም አቋም የምስክር ወረቀት ይባላል። የሚሰጠው ባለሙያው ከዚህ በፊት ሲሠራበት የነበረው አገር ፈቃድ ሰጪ አካል ነው። የሚናገረው ስለ እስር ቤት ሳይሆን ስለ ሙያው ነው፦ ፈቃዱ ታግዶ ያውቃል? ታካሚ ከስሶታል? በሥነ ምግባር ተቀጥቷል? ታካሚውን ያባለገ አማካሪ ፍርድ ቤት ሳይደርስ፣ በሙያ ማኅበሩ ብቻ ተቀጥቶ አገር ሊቀይር ይችላል። የፖሊሱ ወረቀት ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። የሚይዘው ሁለተኛው ነው።

ፈቃዱን የሚሰጠው አካል እንደ ኤምሬቱ ይለያያል። ሻርጃና አጅማን ላይ የፌዴራሉ የጤናና መከላከል ሚኒስቴር ነው። ዱባይ ላይ የዱባይ ጤና ባለሥልጣን ነው፤ ከሕክምናው ወጣ ያሉትን ማኅበራዊ አማካሪዎች ደግሞ የማኅበረሰብ ልማት ባለሥልጣኑ ይመዘግባል። አንድ ሰው ዱባይ ላይ ፈቃድ አለኝ ስላለ አል መጃዝ ላይ ክሊኒክ ከፍቶ ይቀመጣል ማለት አይደለም። ዲግሪውም ቢሆን በቃል አይታመንም። ዳታፍሎው የሚባለው አጣሪ ድርጅት ባለሙያው ያቀረበውን ወረቀት ብቻ አያይም፣ ወረቀቱን ሰጠ ወደተባለው ዩኒቨርሲቲ ራሱ ይጽፋል፣ ሠራሁበት ያለውንም መሥሪያ ቤት ይጠይቃል።

ሕጉም ከኋላ ይቆማል። ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. የ1981ዱን አሮጌ ሕግ ተክቶ የወጣ የአእምሮ ጤና ሕግ አላት፣ የ2023 ቁጥር 10 ይባላል፣ ከግንቦት 30 ቀን 2024 ጀምሮ ይሠራበታል። የታካሚውን ምስጢርና ክብር ይጠብቃል። «ወዲማ» በመባል የሚታወቀው የ2016 የልጆች መብት ሕግ ደግሞ በሕፃን ላይ የወሲብ ጥፋት ፈጽሞ የተፈረደበትን ሰው ከልጆች ጋር በሚያገናኝ ሥራ ላይ እንዳይሰማራ ይከለክላል። ወዲማ በ2012 በገዛ አባቷ ቤት ተሠቃይታ የሞተች ሕፃን ናት። እናት የሆናችሁ አድማጮቼ፣ ልጃችሁን ወደ አማካሪ ስትወስዱ ይህ ሕግ እንዳለ እወቁ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልግባ። ወረቀቱ ንጹሕ ከሆነ ሰውየው ንጹሕ ነው?

አይደለም። ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ፣ ሁለቱም ከእንግሊዝ አገር ናቸው።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2002 ሶሃም በምትባል ትንሽ ከተማ ሁለት የአሥር ዓመት ልጆች ተገደሉ። ገዳዩ ኢያን ሃንትሊ የትምህርት ቤት ዘበኛና ተንከባካቢ ነበር። ከዚያ በፊት በሌላ አውራጃ ሲኖር በወሲብ ጥቃት በተደጋጋሚ ተጠቁሞበታል፣ ግን በዚያ አንድም ጊዜ አልተፈረደበትም። ሲቀጠር የተደረገው ማጣሪያም ይህንን አላወጣውም። ነገሩን የመረመረው የቢቻርድ አጣሪ ቡድን በ2004 ባወጣው ሪፖርት ፖሊስ ከፖሊስ ጋር እንዳልተነጋገረ አጋለጠ። ዛሬ በዚያ አገር ከልጆችና ከደካሞች ጋር ለሚሠራ ሰው የሚደረገው ጥልቅ ማጣሪያ የፍርድ መዝገብን ብቻ አያይም፣ ፖሊስ የያዘው ሌላ ተገቢ መረጃ ካለም ይጨምራል። ያ ሥርዓት የተጠናከረው በሁለት ሕፃናት ሬሳ ላይ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ከርእሳችን ጋር ይበልጥ ይቀራረባል። ዞሊያ አለሚ የምትባል ሴት እዚያው እንግሊዝ ውስጥ የአእምሮ ሐኪም ሆና ከሃያ ዓመት በላይ ሠርታለች። በ1995 የተመዘገበችው ከኒውዚላንዱ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ አገኘሁ ባለችው የሕክምና ዲግሪ ነበር። ዲግሪው ሐሰተኛ ነበር። በ2018 የአንዲት አሮጊት ታካሚዋን ኑዛዜ ወደ ራሷ አዙራ በመጻፏ ታሰረች፣ የዲግሪው ነገር የወጣው ከዚያ በኋላ አንድ ጋዜጠኛ ሲቆፍር ነው። በየካቲት 2023 የማንቸስተር ፍርድ ቤት ሰባት ዓመት ፈረደባት። ልብ በሉ፣ ከወንጀል ነጻ የሚለው ወረቀት የዲግሪዋን ሐሰተኛነት አያሳይም ነበር። የጎደለው ለኦክላንድ አንድ ደብዳቤ መጻፍ ነበር። የዳታፍሎው ውጣ ውረድ ሲያስመርራችሁ እሷን አስቡ።

ወረቀቱ ሌላም ወሰን አለው። የአንድ አገር ፖሊስ የሚያውቀው የራሱን መዝገብ ነው። የሻርጃ ፖሊስ ቤሩት ላይ የሆነውን አያውቅም፣ የአዲስ አበባው ጅዳ ላይ የሆነውን አያውቅም። የእኛ ሰው ደግሞ ከቤሩት ወደ ኩዌት፣ ከኩዌት ወደ ዱባይ ሲዞር የኖረ ነው። ስለዚህ ማጣሪያው ሰውየው በኖረበት አገር ሁሉ ካልተጠየቀ ግማሹ ጨለማ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ቀጥሎ የማናግረው ሌሎች አድማጮቼን ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በሥነ ልቦና ተመርቃችሁ እዚህ በሆቴል እንግዳ ተቀባይነት፣ በሱቅ ሒሳብ ሠራተኛነት የምትሠሩ አላችሁ። አውቃችኋለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ታዋሩኛላችሁ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ የሚሰማ አማካሪ እዚህ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። በአስተርጓሚ ሐዘን አይነገርም። አገር ቤትም ቢሆን ባለሙያው ጥቂት ነው፤ ለረጅም ዘመን አማኑኤል ሆስፒታል ብቻውን ነበር የአገሩን ሸክም የተሸከመው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ማሠልጠን የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የሰለጠነው ሰው ሲያንስ ነው ጥሩ የሚያወራው ቦታውን የሚይዘው።

ፈቃድ ለማውጣት የምታስቡ ከሆነ ሦስት ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። ዲግሪው ብቻ አይበቃም፣ ለክሊኒክ ሥነ ልቦና ባለሙያነት በጥቅሉ ማስተርስና ከዚያ በኋላ የተሠራ ልምድ ይጠየቃል። የሙያ መልካም አቋም ወረቀት የሚሰጣችሁ ፈቃድ የሰጣችሁ አካል ስለሆነ፣ አገር ቤት ያለ ሙያ ፈቃድ የሠራ ሰው እዚህ ሲደርስ የሚጽፍለት ያጣል። ገና አገር ቤት ያላችሁ፣ ከመምጣታችሁ በፊት ተመዝገቡ፣ ፈቃድ አውጡ፣ በፈቃዱ ሥሩ። ሦስተኛው የፖሊሱ ነገር ነው።

ከኢትዮጵያ ከወንጀል ነጻ የሚለውን ወረቀት የሚሰጠው ፌዴራል ፖሊስ ነው፣ በአሻራ። እዚህ ያለ ሰው አሻራውን በወረቀት ላይ ሰጥቶ፣ ዱባይ ባለው ቆንስላ ጽሕፈት ቤታችን ወይም አቡ ዳቢ ባለው ኤምባሲ በኩል አረጋግጦ፣ ለዘመድ ውክልና ይልካል። ወረቀቱ ከወጣ በኋላም ጉዞው አላለቀም፦ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ያደርግበታል፣ እዚያው ያለው የኤምሬትስ ኤምባሲ ያጸድቀዋል፣ እዚህ ደርሶ የኤምሬትስ ውጭ ጉዳይ ይመታበታል። አንዱ ማኅተም ከጎደለ ወረቀቱ ወረቀት ብቻ ነው። ሲቀርብ አዲስ መሆን ስላለበት ደግሞ ከሌላው ማስረጃ ሁሉ ቀድማችሁ አታውጡት፤ ዲግሪያችሁ ተጣርቶ እስኪያልቅ ጊዜው ያልፍበታል።

እዚህ ላይ አንድ የማይነገር ነገር ልጨምር። እኔ ለሌላ ጉዳይ አሻራ ስሰጥ ሁለት ጊዜ ተመልሶብኛል። ጣቴ መስመሩን ማሳየት አቃተው። ያስነካችኝ ሠራተኛ «በረኪና ትነኪያለሽ?» አለችኝ። ዓመታት ሌላ ሰው ቤት ሳጸዳ ነክቻለሁ። በረኪናና የመታጠቢያ ቤት አሲድ የጣትን ቆዳ ይልጣል፣ አሻራውን ያደበዝዛል። ስንት እህት በዚህ ምክንያት ወረቀቷ እንደሚጓተት አስቡት። አሻራ ከመስጠታችሁ ከአንድ ሁለት ሳምንት በፊት ጓንት አድርጉ፣ እጃችሁን ቅባት ወይም ቫዝሊን አስለምዱት። ቆዳው ይመለሳል።

ስለ ፍትሕም አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ማጣሪያ ይኑር ስል አንዴ የወደቀ ሁሉ ለዘላለም ይባረር ማለቴ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤቢ 2138 የሚባለው ሕግ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ፈቃድ ሰጪዎች በጥቅሉ ከሰባት ዓመት በላይ ያለፈበትን ጥፋት መከልከያ እንዳያደርጉት ይገድባል፣ ከባድ ወንጀሎችን ለይቶ። ጥፋቱም ከሥራው ጋር የሚያያዝ መሆን አለበት። ትክክል ነው እላለሁ። በሃያ ዓመቱ ሰክሮ የተደባደበ ሰው በአርባ ዓመቱ ጥሩ አማካሪ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም ከሌላው የበለጠ የሚገባው ነገር ይኖራል። ታካሚውን ያባለገ፣ ሕፃን የነካ፣ የደካማ ሰው ገንዘብ የበላ ግን በዚያች ክፍል ውስጥ ቦታ የለውም፣ ሃያ ዓመትም ቢያልፈው።

እኛ ደግሞ የራሳችን ፍርሃት አለን። «ከከፊሌ፣ ከአሠሪዬ ቤት ጠፋች ተብዬ ሪፖርት ተደርጎብኛል፣ ወንጀለኛ ነኝ?» ብላ የምትጠይቀኝ አለች። የመጥፋት ሪፖርት የሥራና የመኖሪያ ጉዳይ ነው፣ እንደ ስርቆት ወይም እንደ ድብደባ ያለ የወንጀል ፍርድ አይደለም። ያለ ወረቀት የቆዩ ብዙ ሰዎችም እ.ኤ.አ. ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ 2024 በቆየው ምሕረት ጉዳያቸውን አስተካክለዋል። በማይሆን ፍርሃት ወረቀታችሁን ከመጠየቅ አትቅሩ፣ ካላችሁበት ሁኔታ ጋር የሚስማማውን ግን ከቆንስላው ወይም ከሕግ ባለሙያ ጠይቁ።

(ሙዚቃ ዝቅ ብሎ ይገባል)

ወደዚያች ልጅ ልመለስ። ገንዘቡን አትላኪ አልኳት። ክፋት ያለው ሰው ነው ብዬ አይደለም፣ ማን እንደሆነ አላውቅም። ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። ደግነቱን ግን በቪዲዮ ልታጣራው አትችልም፣ እኔም አልችልም። አማካሪ አስቀድሞ ብቻሽን ሁኚ፣ ለማንም አትንገሪ፣ በግል ስልኬ ደውዪ፣ ገንዘብ በሰው እጅ ላኪ ካለ ተነሥታችሁ ውጡ። ፈቃድ ያለው ክሊኒክ በራሱ ስም ደረሰኝ ይሰጣል፣ ቀጠሮ ይመዘግባል፣ ማስታወቂያው ላይ እንኳ የፈቃድ ቁጥር አለው፣ እዚህ አገር የጤና ማስታወቂያ ያለ ፈቃድ አይለጠፍም።

በበጎ ፈቃድ የምትረዱ የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድና የማኅበር ሰዎችም ስሙኝ። ሥራችሁ የተቀደሰ ነው። የተጨነቀች እህት ስትመጣ ሻይ አፍልታችሁ መስማት ማንም አይከለክላችሁም። አማካሪ ነን ብላችሁ በር ዘግታችሁ ከመቀመጣችሁ በፊት ግን፣ ማን ከማን ጋር ብቻውን እንደሚቀመጥ አስቡበት። የማታውቁትን ሰው በምዕመን ፊት «የሥነ ልቦና ባለሙያ» ብላችሁ አታስተዋውቁ። በእናንተ ስም ይታመናል።

ልጅቷ መጨረሻ ላይ ምን እንዳለችኝ ልንገራችሁ። «እሺ ክሊኒክ ልሂድ፣ ግን እንዴት ነው የምጠይቃቸው? ያፍሩብኛል፣ ይሰድቡኛል።» አይሰድቡሽም አልኳት። ፈቃድ ያለው ባለሙያ የፈቃድ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፣ ሲጠየቅም ደስ ይለዋል። ዱባይ ላይ ከሆነ ስሙን በጤና ባለሥልጣኑ የሕክምና መዝገብ ድረ ገጽ ላይ ራስሽ መፈለግ ትችያለሽ። ከዚያ አብረን ተለማመድነው፣ ሣሩ ላይ ቁጭ ብለን፣ በምናውቃት አረብኛ። እርሳስ ያላችሁ ጻፉት፣ የሌላችሁ አብራችሁኝ በሉት፦

«ሙምኪን አሹፍ ሩኽሳ?» ፈቃዱን ማየት እችላለሁ?

እንደገና፣ ቀስ ብለን። ሙምኪን፣ አሹፍ፣ ሩኽሳ።

ልጅቷ ሦስተኛው ላይ ሳቀች። በማግስቱ ደወለችልኝ፣ እንግዳ ተቀባይዋ ወረቀቱን ወደ እሷ አዙራ በጣቷ ስሙን፣ ፎቶውንና የሚያበቃበትን ቀን እንዳሳየቻት ነገረችኝ። ቀጠሮዋ ለሐሙስ ነው።

ለሕይወታችሁ የምትሰጉ ከሆነ ሐሙስን አትጠብቁ፣ 999 ደውሉ። ዱባይ ላይ ጥቃት የደረሰባችሁ እናቶችና ልጆች የዱባይ ሴቶችና ልጆች ፋውንዴሽንን በ800111 ታገኙታላችሁ።

(ሙዚቃ ከፍ ይላል)